ሕጉ ለባንክ ተሻሻለ፣ ለቤት ገዢስ? በመንደር ውል ቤት ከገዛን ነዋሪዎች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢ.ፌ.ዴ.ሪ. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 በመንደር ውል ቤት በገዛን ነዋሪዎች ላይ ያስከተለውን ጉዳት ስለማመልከትና ሕጉ እንዲሻሻል ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በአዲስ አበባ በመንደር ውል፣ ማለትም በፍርድ ቤት ወይም በመንግሥት አዋዋይ (ውልና ማስረጃ) ፊት ሳይሆን በምስክሮች ፊት በተፈረመ የጽሑፍ ውል ቤት ገዝተን፣ ዋጋውን ከፍለን፣ ቁልፍ ተረክበን ከኖርን ከዓመታት በኋላ ልጆቻችንን ያሳደግንበት ቤት የእናንተ አይደለም እየተባልን ያለን ነዋሪዎች ነን። የምንከሰው አንድን ዳኛ ወይም አንድን ሻጭ አይደለም። ዳኞች የሚፈርዱት በሥራ ላይ ባለው ሕግና በሰበር ሰሚ ችሎት አስገዳጅ ትርጉም መሠረት ነው። አቤቱታችንን ወደ እናንተ ያመጣነው ሕግ የማሻሻል ሥልጣን በእናንተ እጅ ስለሆነ ነው።

ዝም ማለት ያቃተን በቅርቡ በአንዲት አባላችን ላይ በተሰጠ ፍርድ ምክንያት ነው። እኚህ እናት በኮልፌ አካባቢ ይኖራሉ። እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ባጠራቀሙት ገንዘብ በ1998 ዓ.ም. ሁለት ክፍል ቤት በ85 ሺሕ ብር ገዙ። ውሉ በጽሑፍ ሆነ፤ ሻጭና ገዢ ፈረሙ፤ ሦስት ምስክሮች ፈረሙ፤ ከምስክሮቹ አንዱ የሰፈሩ የዕድር ዳኛ ነበሩ። ሻጩ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ሽያጩን አንድም ቀን አልካዱም። እርሳቸው ካረፉ በኋላ ግን ልጆቻቸው የወራሽነት ማስረጃ አውጥተው ከሰሱ። ፍርድ ቤቱም ውሉ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ስላልተደረገ በሕግ ፊት እንደ ውል አይቆጠርም፤ ስለዚህ ተከራካሪዎቹ ወደ ነበሩበት ይመለሱ፣ ገዢዋ ቤቱን ያስረክቡ፣ ወራሾቹም አባታቸው የተቀበሉትን 85 ሺሕ ብር ይመልሱ ሲል ወሰነ።

85 ሺሕ ብር ዛሬ በዚያው ሰፈር የጥቂት ወራት የቤት ኪራይ ነው።

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣ ይህ የአንድ ሰው ዕጣ ቢሆን ኖሮ በይግባኝ እንከራከር ነበር እንጂ ደብዳቤ አንጽፍም ነበር። በየችሎቱ የምንገናኝ ሰዎች ወረቀቶቻችንን ስናስተያይ የሁላችንም ታሪክ ከአንድ ምንጭ የሚቀዳ ሆኖ አገኘነው። ከዚህ በታች የምንዘረዝረው ያንን ምንጭ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲደረግ ያዛል። በአንቀጽ 2877 ደግሞ ያው ሕግ ስለ ቤት ሽያጭ ለይቶ ሲናገር ውሉ በጽሑፍ መሆን እንዳለበት ብቻ ይደነግጋል። በሁለቱ አንቀጾች መካከል ባለው ክፍተት የተነሣ ፍርድ ቤቶች ለረጅም ዓመታት አልተስማሙም። አንዱ ችሎት በጽሑፍ የተደረገና በምስክር የተረጋገጠ ሽያጭ ይጸናል ሲል ሌላው አይጸናም ይል ነበር። የሕግ ምሁራንም እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ይህ ክርክር በፍርድ ቤቶች የተዘጋው በ1999 ዓ.ም. ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ የአንቀጽ 1723 ሥርዓት ያልተሟላበት የቤት ሽያጭ የሚጸና ውል አይደለም አለ። በ1997 ዓ.ም. በወጣውና በወቅቱ ይሠራ በነበረው አዋጅ ቁጥር 454 መሠረት የሰበር ትርጉም በየደረጃው ያለን ፍርድ ቤት ሁሉ ስለሚያስገድድ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሥር ፍርድ ቤቶች ይህንኑ ትርጉም መከተል ነበረባቸው።

እንግዲህ የእኚህን እናት ውል ዓመት ልብ በሉልን። 1998 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ከፍርድ ቤት ወንበር ላይ የተቀመጡት የሕግ ባለሙያዎች ራሳቸው ያልተስማሙበትን ጉዳይ እንጀራ ጋጋሪዋ ቀድመው እንዲያውቁ ይጠበቅባቸው ነበር ማለት ነው። ከእኛ መካከል ከግማሽ የማያንሱት ቤታቸውን የገዙት ከዚያ ውሳኔ በፊት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምናነሣው ከሁሉም በላይ ያሳዘነን ነው። በሰበር ትርጉሙ የተደናገጥነው እኛ ብቻ አልነበርንም። ባንኮችም የብድርና የመያዣ ውሎቻቸው በዚሁ አንቀጽ እንዳይፈርሱባቸው ሠጉ። የእነርሱ ሥጋት ግን ሰሚ አገኘ። በ2001 ዓ.ም. ይኸው ምክር ቤት አዋጅ ቁጥር 639ን አውጥቶ አንቀጽ 1723ን አሻሻለ፤ ባንኮችና የአነስተኛ ፋይናንስ ተቋማት የሚያደርጉት የብድርና የመያዣ ውል በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት መደረግ አያስፈልገውም ተባለ። የሕግ ባለሙያ፣ የራሳቸው ነገረ ፈጅ፣ ማኅተምና ቢሮ ያላቸው ተቋማት ከሥርዓቱ ነጻ ወጡ። ፊርማውን በጣቱ አሻራ የሚያኖር ጡረተኛ፣ የሕግ አማካሪ ቀጥሮ የማያውቅ ሸማኔ፣ የቤት ሠራተኛ ሆና ከአረብ አገር ገንዘብ የላከች ልጅ ግን ከነሥርዓቱ ቀሩ። ባንኮቹ ይህን መፍትሔ ማግኘታቸውን አንቃወምም። የምንጠይቀው ለእነርሱ በሁለት ዓመት ውስጥ የተገኘው መፍትሔ ለእኛ እስከ ዛሬ ለምን እንዳልተገኘ ነው።

«ታዲያ ለምን ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ አልተዋዋላችሁም?» የሚል ጥያቄ በየችሎቱ ይቀርብልናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ረዘም ያለ ነው። ምክንያቱም መልሱ ያለው በእኛ ስንፍና ውስጥ ሳይሆን መንግሥት በየጊዜው በወሰዳቸው እርምጃዎች ውስጥ ነው።

ውልና ማስረጃ የቤት ሽያጭ ለማዋዋል ካርታ (የይዞታ ማረጋገጫ) ይጠይቃል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ ሰው በእጁ ያለው ቤቱ እንጂ መሬቱ አይደለም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40ም መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ የቤት ገበያው በመንግሥት የይዞታ ማረጋገጫ ላይ የተንጠለጠለ ነው። የሚሸጡት ቤቶች ግን ብዙዎቹ ካርታ የላቸውም፤ ካላቸውም በአያት ስም ነው፣ ወይም ለአምስት ወራሾች በአንድ ላይ የተያዘ ነው። ካርታ ለማውጣት ሻጩ ለዓመታት ክፍለ ከተማ ተመላልሷል። ገንዘብ ሲያስፈልገው፣ ልጁ ስትታመምበት ወይም ወደ ውጭ የሚሄድበት ጉዳይ ሲደርስ ካርታው እስኪወጣ አይጠብቅም፤ ይሸጣል። ገዢም እንዲሁ የኪራይ ቤት ዋጋ እያሳደደው ይገዛል።

በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት ውጭ የተያዘ ቦታ) ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥሪት፣ ማለትም ቦታው ለተወሰነ ዘመን በክፍያ ወደሚያዝበት ሥርዓት እንዲገባ ደነገገ። ስም ማዞር የቴምብር ቀረጥ፣ ግብርና የአገልግሎት ክፍያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የይዞታውን ባሕርይ ራሱን የሚለውጥ ጉዳይ ሆነ። ብዙ ሻጭና ገዢ ይህን ፈርተው በወረቀታቸው ተማምነው ተቀመጡ። ሲዋዋሉም ከቀረጥ ለመሸሽ ዋጋውን አሳንሰው የጻፉ አሉ፤ ውሉ ሲፈርስ የሚመለሰው የተጻፈው ብቻ ስለሚሆን ገዢው በሁለት በኩል ይጎዳል።

የአገልግሎት መታገዱ ግን ከሁሉም የከፋ ነው። በከተማችን የመሬት ነክ አገልግሎት በተለያዩ ጊዜያት ታግዶ እንደቆየ ነዋሪው ሁሉ ያውቃል። እገዳው የሚነገረው ብዙ ጊዜ በር ላይ በተለጠፈ ወረቀት ወይም በአፍ ነው፤ መቼ እንደሚያበቃ አይነገርም። አንድ አባላችን ሙሉ ዋጋውን ከፍሎ፣ ሻጩን ይዞ፣ ሰነዱን አሟልቶ ስም ለማዞር በሄደበት ጊዜ አገልግሎቱ ታግዷል ተብሎ ተመለሰ። እገዳው ሳይነሣ ሻጩ በድንገተኛ ሕመም ሞተ። ወራሾቹ «አባታችን ሸጧል የሚል ሕጋዊ ውል የለም» ብለው ተከራከሩ፤ ረቱም። ሥርዓቱን ለመፈጸም በሩ ድረስ የሄደን ሰው በሩን ዘግቶ የመለሰው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ሥርዓቱን አልፈጸምክም ብሎ የፈረደበትም ሌላው የመንግሥት አካል ነው። በመካከል ቤቱን ያጣው ግን ዜጋው ብቻ ሆነ።

የኮንዶሚኒየሙ ጉዳይ ደግሞ አለ። በዕጣ የተላለፈን የጋራ መኖሪያ ቤት እስከ አምስት ዓመት መሸጥ በከተማው አዋጅ የተከለከለ ነው። የክልከላው ዓላማ ቤቱ በእርግጥ ለተቸገረው ሰው እንዲደርስ ነው፤ ዓላማውን እንደግፋለን። ነገር ግን ዕጣ የወጣለት ሰው ቅድመ ክፍያውን መክፈል ሲያቅተው ምን ያደርጋል የሚለውን የመለሰ የለም። ብዙዎቹ ያደረጉት ይታወቃል፤ ለሚከፍልላቸው ሰው በመንደር ውል ሸጡ። ከእኛ መካከል አንድ መምህር ቅድመ ክፍያውን ከፍሎ፣ የባንኩን ወርሃዊ ክፍያ በሻጯ ስም ለዓመታት እየከፈለ፣ ወለሉንና ኩሽናውን ራሱ ጨርሶ ኖረ። አምስት ዓመቱ ሲሞላና የቤቱ ዋጋ ሲንር ሻጯ ተጨማሪ ገንዘብ ካልሰጠኸኝ ውሉን አፈርሳለሁ አለች። ሕጉ የሚያግዘው እርሷን እንደሆነ ጠበቃዋም፣ የእርሱም ጠበቃ ነገሩት። ከፈለ። ከከፈለም በኋላ ስሙ አልዞረለትም።

ሌሎቹን በአጭሩ እንንገራችሁ። በውክልና የገዙ አሉ፤ ወካዩ አሜሪካ ወይም ዱባይ ሆኖ ከኤምባሲ ውክልና ልኮ ሸጠ፣ ገዢው ስም ከማዞሩ በፊት ወካዩ ሞተ ወይም ውክልናውን ሻረ፣ የገዢው እጅ ባዶ ቀረ። ባል ብቻውን ፈርሞ ከሸጠ በኋላ ሚስት የመጣችባቸው አሉ፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ ቤት በሁለቱ ስምምነት እንዲሸጥ ማዘዙ ትክክል ነው፣ ሚስቲቱም መብቷ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ሚስት ሽያጩን እያወቀች፣ ገንዘቡን አብራ በልታ፣ ባልና ሚስት ተመካክረው ከስንት ዓመት በኋላ ክስ የመሠረቱበት ጉዳይ ገጥሞናል።

የልማቱ ጉዳይ አዲስ ቁስል ጨምሮብናል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ብዙ ሰፈሮች ተነሥተዋል። ለሕዝብ ጥቅም የሚነሣ ሰው ካሳና ምትክ እንደሚያገኝ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይደነግጋል። ጥያቄው ተነሺው ማን ነው የሚለው ነው። ቤቱ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት የኖረው ገዢ ወይስ ስሙ በሰነዱ ላይ ያለው ሻጭ? ከአባሎቻችን አንዱ ቤቱ ሲፈርስበት ካሳው ለሻጩ ተከፈለ። ሻጩ ዋጋውን ድሮ ተቀብሏል፤ ካሳውንም ተቀበለ። አባላችን ክስ መሥርቷል፤ ክሱ እስኪያልቅ ድረስ ግን አምስት ነፍስ ይዞ በዘመድ ቤት ተጠግቷል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ የሚያንገበግበን እርሱ ነውና። ውል ሲፈርስ ተዋዋዮቹ ወደ ነበሩበት ይመለሱ የሚለው የአንቀጽ 1815 ድንጋጌ ሲያዩት ፍትሐዊ ነው። ነገር ግን ብር በነበረበት አልቆየም። በ2014 ዓ.ም. ዓመታዊ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ሕጋዊ ወለድ ቢታሰብልን እንኳ በዓመት ዘጠኝ በመቶ ነው። ስለዚህ ሻጩ ወደ ነበረበት ሲመለስ ዋጋው አሥር እጥፍ ያደገ ቤት ይዞ ነው፤ ገዢው ሲመለስ የተቃጠለ ገንዘብ ይዞ ነው። ለጨመርነው ግንባታ መሐንዲስ ተልኮ ግምት ሊሰጠን ይችላል፤ ቤቱ በቆመበት ሰፈር ላይ ግን ከእኛ ጋር ያደገውን ዋጋ የሚገምትልን የለም። ሰዎች ቃላቸውን እንዲያፈርሱ ከዚህ የበለጠ ማበረታቻ ምን አለ? አባቶቻችን በሬ በቀንዱ፣ ሰው በቃሉ ይታሰራል ይሉ ነበር። ዛሬ ቃሉን የጠበቀ ሻጭ ለራሱ ያላወቀ ሞኝ ነው እየተባለ በልጆቹ ይወቀሳል።

ሻጮችን ሁሉ ክፉ አድርገን እንደማንስል እወቁልን። ቃላቸውን ጠብቀው ከእኛ ጋር ክፍለ ከተማ የተመላለሱ፣ ችሎት ቀርበው «ሸጫለሁ፣ ገንዘቤን ተቀብያለሁ» ብለው የመሰከሩ አሉ። ከሳሽ ወራሾችም ብዙ ጊዜ ቤት አልባ ወጣቶች ናቸው። ሁለት ድሆችን በአንድ ጣሪያ ሥር አፋጥጦ አንደኛው ሌላውን እንዲያስወጣ መንገድ የከፈተው የሕጉ አቀማመጥ ነው።

የሥርዓቱን ጥቅምም አንክድም። አንድን ቤት ለሦስት ሰው የሚሸጥ አጭበርባሪ አለ፤ የሟችን ፊርማ አስመስሎ ውል የሚያዘጋጅ አለ፤ ደላላና ሐሰተኛ ምስክር አለ። ውል በሕጋዊ አዋዋይ ፊት መደረጉ ከዚህ ይጠብቃል። የምንለው ይህ ነው፤ ሥርዓቱ የተዘረጋው ውሸተኛን ለመከላከል ከሆነ ሽያጩ እውነት መሆኑ በተረጋገጠበት ጉዳይ ላይ ማንን ነው የሚከላከለው? ገንዘቡ መከፈሉ፣ ቤቱ መረከቡ፣ ሻጩ ለዓመታት አለመቃወሙ፣ መብራትና ውኃ በገዢው መከፈሉ በማስረጃ ከታወቀ በኋላም ውሉ ይፍረስ ማለት ጠባቂውን ባለቤቱ ላይ እንዲጮህ ማሰልጠን ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንድትፈጽሙልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

1. በ2001 ዓ.ም. ለባንኮች እንደተደረገው ሁሉ አንቀጽ 1723 እንደገና ይሻሻል። በጽሑፍ የተደረገ፣ በምስክሮች የተፈረመ፣ ዋጋው የተከፈለና ገዢው ቤቱን ተረክቦ ምክር ቤቱ በሚወስነው የዓመታት ልክ የኖረበት ሽያጭ፣ ሻጩ ወይም ወራሾቹ በአዋዋይ ፊት አልተደረገም በማለት ብቻ እንዳያፈርሱት በግልጽ ይደንገግ። ከ1999 ዓ.ም. በፊት ለተደረጉ ውሎች ልዩ የመሸጋገሪያ ድንጋጌ ይኑር።

2. ውል መፍረስ ባለበት ጉዳይ ሁሉ ተመላሹ ገንዘብ ቤቱ በፍርዱ ጊዜ ባለው የገበያ ዋጋ መሠረት እንዲሰላ ይወሰን፤ ገንዘቡ ሳይከፈል ገዢው ከቤቱ እንዳይወጣ ይደረግ።

3. ማንኛውም የመሬት ነክ አገልግሎት እገዳ በጽሑፍ፣ በምክንያትና በተወሰነ ጊዜ እንዲሆን በሕግ ይገደብ። በእገዳው ጊዜ ሻጭና ገዢ ውላቸውን በጊዜያዊነት የሚያስመዘግቡበት መስኮት ክፍት ይሁን፤ ከምዝገባው በኋላ ሻጩ ቢሞትም ውሉ ይጽና።

4. ለልማት በሚነሡ ቤቶች ላይ የገዢነት ክርክር ከቀረበ ካሳውና ምትኩ በዝግ ሒሳብ ተይዞ ይቆይ፤ ክርክሩ በአጭር ጊዜ እንዲወሰን የጊዜ ገደብ ይቀመጥ። ነዋሪው እስከዚያ የሚጠለልበት ይሰጠው።

5. ዕጣ ወጥቶላቸው መክፈል ያልቻሉ ሰዎች ቤታቸውን በመንግሥት በኩል ለሌላ ተመዝጋቢ የሚያስተላልፉበት ሕጋዊ መንገድ እንዲዘጋጅ የሚመለከተው አካል ይታዘዝ።

6. አሁን በችሎት ያሉ የመንደር ውል ጉዳዮች በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 በተፈቀደው የፍርድ ቤት አስማሚነት በቅድሚያ እንዲታዩ የክትትል ሥልጣናችሁን ተጠቀሙልን።

7. የሕግና ፍትሕ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴው በጉዳዩ ላይ ሕዝባዊ የውይይት መድረክ ጠርቶ ሻጮችን፣ ገዢዎችን፣ ዳኞችንና የሕግ ምሁራንን ይስማ። ውሎቻችንን፣ የክፍያ ደረሰኞቻችንንና የፍርድ ግልባጮቻችንን ይዘን ለመቅረብ ዝግጁ ነን።

የኮልፌዋ እናት የይግባኝ ማመልከቻቸውን አስገብተዋል። የአፈጻጸም ትእዛዙ ለጊዜው ታግዶላቸዋል፤ እገዳው ግን ይግባኙ እስኪወሰን ብቻ ነው። የምክር ቤቱን መልስ በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር፣

በመንደር ውል ቤት የገዙ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና አባላት

ግልባጭ፦
ለሕግና ፍትሕ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ
ለፍትሕ ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም